ማስተካከያ፦ ኮቫሌቭስካያ ዶክትሬቷን ያገኘችው ከበርሊን አይደለም
ስለ ሩሲያዊቷ የሒሳብ ሊቅ ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ (እ.ኤ.አ. 1850–1891) ባቀረብነው ጽሑፍ «ዶክትሬቷን ከበርሊን ዩኒቨርሲቲ አገኘች» ማለታችን ስህተት ነው። በርሊን ያኔ ሴት ክፍል ገብታ እንድትማር እንኳ አይፈቅድም ነበር። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ቫየርሽትራስ አራት ዓመት በግል አስተማራት፤ ዶክትሬቱን በ1874 የሰጣት የጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያውም ሦስት የምርምር ጽሑፎቿን አይቶ፣ ያለ ቃል ፈተና።

ይበልጥ የሚቆጨን ሁለተኛው ስህተት ነው። «የሚሽከረከር አካልን እንቅስቃሴ በሙሉ ፈታች» ብለን ነበር። የፈታችው በአንድ ነጥብ ተተክሎ በስበት ሥር የሚሽከረከር ጠጣር አካልን አንድ የተለየ ሁኔታ ነው፦ ከሦስቱ ዋና የኢነርሺያ ሞመንቶች (አካሉ በየዘንጉ ዙሪያ የሽክርክሪት ለውጥን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለኩ መጠኖች) ሁለቱ እኩል ሆነው እያንዳንዳቸው የሦስተኛውን እጥፍ ሲሆኑ፣ የስበት ማዕከሉም በሁለቱ እኩል ዘንጎች ጠለል ላይ ሲያርፍ። አንዱ ከጎደለ መፍትሔዋ አይሠራም። ከእሷ በፊት የተፈቱ መሆናቸው የታወቁት በሒሳብ ሊቆቹ በኦይለርና በላግራንዥ ስም የሚጠሩት ሁለት ሁኔታዎች ነበሩ። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በ1888 የቦርዲን ሽልማትን ሲሰጣት ገንዘቡን ከ3,000 ወደ 5,000 ፍራንክ ያሳደገው ለዚህ ሥራ ነው።

በልጅነት ክፍሏ ግድግዳ ላይ የሒሳብ ሊቁ የኦስትሮግራድስኪ የካልኩለስ ትምህርት ወረቀቶች ተለጥፈው ነበር ያልነው ግን ትክክል ነው፤ የግድግዳ ወረቀት አልቆ ነበር።