የ27 ሜትሩ ጌታ

ያለፈው ሐሙስ ከጅማ ወጣ ብዬ ቀርሳ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ጀበና ሊጣድ ውሃ የለም። ባልዲው ጉድጓድ ወርዶ ጭቃ ይዞ ተመለሰ። ከአጥሩ ማዶ ግን ሞተሩ ይንደቀደቃል፤ ጎረቤትየው ባጃጁን እያጠበ ነው። ሲጨርስ ቱቦውን ወደ ባሕር ዛፎቹ አዞረው። ባሕር ዛፍ እኮ ሳይጋበዝም ይጠጣል!

ምን ላድርግ፣ ኮራሁበት። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ጀግና አይጠፋም።

መንደሩን ያሠለጠነው እሱ ነው። የአክስቴ ጉድጓድ 12 ሜትር ነበር። እሱ 15 አስቆፈረ። ከላይ ያለው ጡረተኛ እንቅልፍ አጣና 18 ገባ። ጀግናው በ21 መለሰለት። ከዚያማ ጨረታ በሉት፣ አሁን 27 ላይ ነን። ድሮ ሽማግሌ ሲላክ የሚጠየቀው የልጁ ሥራ ነበር፣ ዛሬ "አባቱ ስንት ሜትር አላቸው?" ሆኗል። ለቅሶ ቤት እንኳ ባለ 27ቱ ከባለ 18ቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ባለ 12ቷ አክስቴ በር ላይ። በዚህ አያያዝ በወዲያኛው የምድር ጫፍ ብቅ ብሎ ያለ ቪዛ ውጭ አገር መግባቱ አይቀርም፤ ያኔ እንግዲህ ዶላር ይልክልናል።

"በግቢዬ ነው" ይላል። ልክ ነው፣ የጉድጓዱ አፍ በግቢው ነው። ሆዱ ግን የሁሉም ነው፤ አንዱ በሞተር ሲስብ በዙሪያው ያለው የውሃ ደረጃ ይወርድና ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ቀድሞ ይነጥፋል። በ1992 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 197ም የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ይበል። አዋጅ ሞተር አያጠፋም።

ቦረናዎችን ግን እዘንላቸው። ቱላ በሚሏቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ዳር አባ ሄሬጋ የሚባል ተራ አስከባሪ አቁመው፣ ዛሬ የማን ከብት ይጠጣል፣ ነገ የማን እያሉ ሲጨነቁ ይኖራሉ። ምን ዓይነት ጣጣ ነው! እኛ ዝናብ እንደ ልቡ በሚወርድበት ጅማ ተራ ምን ያደርግልናል? የካቲት ላይ ጭቃ እንጠጣለን እንጂ ወረፋ አንቆምም።

ስለ ውሃ ሥልጠና የሚሰጠንን ባለሙያም እንዳልረሳ። "የከርሰ ምድር ውሃ የጋራችን ነው" የሚል ባነር ከተማ ሆቴል ውስጥ ይሰቅላል፣ የታሸገ ውሃ ይደረድራል፣ አበል ያስፈርማል። ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሮ በየወሩ የውሃውን ደረጃ መለካት ግን ለእሱ አይመጥንም።

አሁን ቀልዱን ልተወው። የአክስቴ የልጅ ልጅ 11 ዓመቷ ነው። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታ ከሩቅ ምንጭ 20 ሊትር ጄሪካን አዝላ፣ ጎብጣ፣ በዚያ ባጃጅ አጠገብ አለፈች። ሰውዬው እጁን አውለብልቦ ሰላም አላት። ቱቦው ግን መሬት ላይ ይፈስ ነበር። አታፍርም? እውነት አታፍርም?

ቡናው ሲደርስ አክስቴ በአጥሩ ላይ ተጣራች፤ ጎረቤት ሳይጠሩ ቡና አይጠጣም። መጣ። አቦሉን ፉት አለ።

"እትዬ፣ ውሃው ይጣፍጣል" አላት። "ከየት ነው የቀዳችሁት?"