ቡናው ወደ ደጋ ይውጣ? ክርክር

እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ፣ እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ድረስ ዛሬ ቡና ከምናበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ይላል። እዚያው ላይ ደግሞ ተክሉ ወደ ከፍታ ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ፣ ለቡና የሚሆነው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል ይናገራል። ሁለት ሰዎች ይሟገቱበታል።

ይውጣ ባይ፦ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምን ይሉታል? አረቢካ የሚባለው የእኛ የቡና ዓይነት ሙቀት አይችልም፤ የሚስማማው በአማካይ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ነው። ቬትናም ሙቀት የሚችለውን ሌላውን የቡና ዓይነት፣ ሮቡስታን፣ ታመርታለች። እኛ ያለን ተራራ ነው፤ ይህን ጸጋ ሁሉም አገር አላገኘውም። ሐረርጌን ይመልከቱ እስቲ። ስሙ ዓለምን የዞረው ቡና ለጫት ቦታ እየለቀቀ ነው።

አይውጣ ባይ፦ እህቴ፣ ጫቱን በሙቀት ብቻ አያሳብቡ። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ገንዘቡ ቶሎ እጅ ይገባል። ቡና እስኪያፈራ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ደሞ ደጋው ባዶ ነው እንዴ? ገብሱ፣ ስንዴው፣ ባቄላው የት ይሂድ? ገበሬውን «ገብስህን ተውና አራት ዓመት ጠብቅ» ሊሉት ነው? ልጆቹ እስከዚያ ምን ይበሉ?

ይውጣ ባይ፦ ኧረ ማን ተው አለው! ከጓሮ ይጀምር። ጌዴኦ ቡናውን ከእንሰቱ ጋር አብሮ ያሳድጋል። እንሰቱ ጥላ ይሆነዋል፣ ቤተሰቡም ቆጮውን ይበላል።

አይውጣ ባይ፦ የጌዴኦ ዘዴ በስንት ትውልድ የዳበረ ነው፤ በአንድ ሥልጠና አይገኝም። ከፍታው ላይ ደግሞ ውርጭ አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ውርጭ የብራዚልን ቡና መትቶ የዓለም ዋጋ አሻቀበ። ዓለም ሞቀች ማለት ውርጭ ቀረ ማለት አይደለም። «የሚስማማ መሬት» የሚባለውም ባለቤት አለው፤ ባለቤት ከሌለው ደግሞ ደን ነው። ቡና ልንተክል ደን ልንመነጥር ነው? እኔ የምለው፣ ታች ያለውን እናድን። የጥላ ዛፍ ይተከል፣ ያረጀው ቡና እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ግንዱ ተቆርጦ ይጎንደል፣ ድርቅ የሚችል ዝርያ ይከፋፈል።

ይውጣ ባይ፦ ደን መመንጠሩን እኔም አልደግፍም። ጉንደላውም ይሁን፣ ጥላውም ይሁን። ሙቀቱ ከበረታ ግን ጥላ ብቻውን አያወጣንም። ችግኝ አራት ዓመት ይፈልጋል ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ታዲያ የታችኛው እስኪደርቅ ጠብቀን ልንተክል ነው?