ውሃው ከየት ይምጣ?

"ሰው የሚኖርበትን ቤት ኮርኒስ እየበሱ ቧንቧ መዘርጋት እብደት ነው!" አሉ ጋሼ። ደብረ ብርሃን ላይ የሚያከራዩት ጂ ፕላስ ሰባት ሕንፃ አላቸው። ነገሩን የጫረው የቧንቧ ሠራተኛው ነው። ስፕሪንክለር፣ ማለትም እሳት ሲነሳ ከኮርኒስ ላይ በራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ፣ በአዲስ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን በቆዩትም ላይ ይገጠም ባይ ነው።

"አንዱ ሽሮ ባሳረረ ቁጥር ሕንፃዬ በጎርፍ ሊጥለቀለቅ ነው?"

"ኧረ ጋሼ፣ እሱ የፊልም ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ብርጭቆ አለች። ሙቀቱ 68 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ትሰበራለች፣ ውሃው ይለቀቃል። የምትሰበረው እሳቱ አጠገብ ያለችው ናት። ጭስ አይነካትም።"

አራተኛ ፎቅ ተከራይታ የምትኖረው መምህርት ጣልቃ ገባች። "እኔን እሳቱ ሳይደርስ ኪራዩ ያቃጥለኛል!" ተሳቀ።

የቧንቧ ሠራተኛው ግን አለቀቀም፤ አንድ ታሪክ አመጣ። በፈረንጆቹ 1991 ፊላዴልፊያ ውስጥ ባለ 38 ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ተቃጠለ። እሳቱ ከ22ኛው ፎቅ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። 30ኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያ ያለ ተከራይ ስፕሪንክለር አስገጥሞ ነበር። አሥር የውሃ መርጫዎች ናቸው የያዙት።

ጋሼ ዝም አሉና "እሺ፣ ውሃው ከየት ይምጣ? ሮቶዬ ለገላ መታጠቢያ እንኳን አይበቃ!" አሉ።

ከሙግታቸው ሁሉ የከበደችኝ ይቺ ናት። ግን የምታስወቅሰው ሮቶውን እንጂ ስፕሪንክለሩን አይደለም። ለእሳት ብቻ የተቀመጠ፣ ማንም የማይቀዳበት ታንከር ያስፈልጋል። መብራት ቢጠፋም የሚነሳ የናፍጣ ፓምፕም እንዲሁ። አሥር ሺህ ሊትር ውሃ አሥር ቶን ነው፤ ኢንጂነር ሳያይ ጣሪያ ላይ አይሰቀልም፣ መሬት ላይ ይቀመጥ። ቧንቧውም በረንዳ በረንዳውን እንዳይሄድ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ውስጡ ያለውን ውሃ በረዶ ያደርገዋል፤ በደረጃው ውስጥ ይለፍ።

የኮርኒስ መበሳቱን ነገር ግን አልሰማም። ለዲሽና ለኢንተርኔት ገመድ ያ ግድግዳ ስንቴ ተበስቷል? ገንዘብ ካጠረ ከላይኛዎቹ ፎቆች ይጀመር፤ መሰላል በቀላሉ የማይደርሰው እዚያ ነው። ኪራዩን በተመለከተ ከመምህርቷ ጋር ነኝ። ሕንፃው የጋሼ ነው፤ ወጪውን በዓመታት ከፋፍለው እሳቸው ይሸፍኑት።