ካርቡራተሩ ነው!

የእኛ ሰፈር ሰው ጋራዥ አያስፈልገውም። ጆሮ አለው። አንድ ሞተር ከሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ ሁለቴ ካሳለ በሽታው ከነመድኃኒቱ ይነገራል። ያውም በነፃ።

ይህን ጥበብ በደንብ ያየሁት ባለፈው ጥቅምት፣ ሱሉልታ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ የሚቆርጥ አንድ ወጣት የሞተር መጋዙ፣ ቼንሶው፣ አልነሳ አለው። ገመዱን ሳበ። ሳበ። ላቡን ጠረገ፣ ደግሞ ሳበ። አራተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥር የተደገፉ አንድ ጋሼ ጥርሳቸውን እየፋቁ ፈረዱ።

«ካርቡራተሩ ነው!»

ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያጠጣው ዕቃ ማለታቸው ነው። እንዴት ያለ ብቃት ነው! መፍቻ አልነኩም። ክዳን አልከፈቱም። መፋቂያውን እንኳ ከአፋቸው አላወጡም።

ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ባጃጁን መንገድ ላይ አቁሞ መጣና «ልክ ናቸው፣ የኔንም እንዲህ አድርጎኝ ነበር» አለ። የሱ ባጃጅ በመጨረሻ በምን እንደዳነ የጠየቀው የለም። መጠየቅ ነውር ነው። እኔም ከኋላ ሆኜ «አዎ፣ እሱ ነው» ብያለሁ። ዝም ብሎ መቆም ያሳፍራላ!

መሃል ላይ አንድ ልጅ «ካንዴላውን ፈተን ብናየውስ?» አለ። ልጅነት ነው መቼስ። እሳቱን የሚጭረው ካንዴላ ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፣ ከረጠበ ደርሷል። ይህን ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሁለት ደቂቃ ደግሞ ለዚህ ሁሉ ሽማግሌ አይመጥንም። ታንኩ ውስጥ ያለችውን የነዳጅ ማጣሪያ፣ ፊልትሮዋን፣ በታጠፈ ሽቦ ጎትቶ ማየትማ ጭራሽ ውርደት ነው። ልጁን ውኃ አምጣ ብለን ላክነው።

ስለ ነዳጁም ማንም አላነሳም። በሃይላንድ ተቀድቶ ከጥምቀት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቤንዚን ነው። ቀለሙ ጠላ መስሏል። እንዲህ ያለው ሞተር ዘይቱንም ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚጠጣው፤ ብዙ አምራቾች ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይላሉ። ፈረንጅ መለካት ይወዳል። እኛ በዓይናችን እንገምታለን።

ወጣቱ የሦስት ቀን ሥራውን ገንዘብ ይዞ ሶማሌ ተራ ወረደ፣ አዲስ ካርቡራተር ይዞ ተመለሰ። ገጠማው ሠርግ ነበር። የአየር ማጣሪያው ወጣ፣ ሁለት ብሎን ተፈታ፣ ቱቦው ተነቀለ። ሰባት ሰው በአንድ ካቻቪቴ! ሲያልቅ መጋጠሚያው አየር እንዳያስገባ የምትደረግ አንዲት ጋስኬት ተረፈች። «ትርፍ ናት» ተባለ። አምራቹ ለቸርነት የጨመራት መሆን አለበት።

ተነሳ! እልል አልን። ባለባጃጁ ግን አልበቃውም። ሞተሩ ሲሮጥ የሚጠጣውን ነዳጅ የምትመጥነውን፣ ኤች የምትባለዋን ብሎን ጠበቅ ሲያደርጋት መጋዙ እንደ ዋሽንት ቀጠነ። አጨበጨብን። ያ ቀጭን ድምፅ ሞተሩ ነዳጅ ሲያጥረው፣ ከነዳጁም ጋር ዘይት ሲያጥረው፣ ፒስተኑ ሊፋቅ ሲል የሚያሰማው ነው የሚሉ አሉ። ምቀኞች ናቸው።

ደግነቱ ብዙም አልዘፈነም። ግማሽ ግንድ ሳይቆርጥ ጠፋ።

ጋሼ አልደነገጡም። አዋቂ አይደነግጥም። «ፎርጅድ ሸጠውልህ ነው» አሉ። በአንድ ቀን ሁለት ምርመራ፣ ሁለቱም ከአጥሩ ሳይነሱ!

ሰው ለምሳ ሲበተን ያ ልጅ ውኃውን አስቀምጦ ፊልትሮዋን በሽቦ ጎትቶ አወጣት። ጭቃ ለብሳለች። አጠባት። የተረፈችውን ጋስኬት ቦታዋ መለሰ፣ ብሎኗን ወደ ነበረችበት አላላ፣ ታንኩን አራግፎ አዲስ ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ለክቶ ሞላ። መጋዙ በሁለተኛው ስበት ተነሳ፣ እስከ ማታም አልቆመም።

ጋሼ ከምሳ ሲመለሱ ድምፁን ሰምተው ፈገግ አሉ። «አላልኳችሁም? ካርቡራተሩ ሲቀየር ጊዜ!»

አሮጌው ካርቡራተርም አልተጣለም። ከሳምንት በኋላ ከማዶ ሰፈር አንድ ሰውዬ መጋዝ አልነሳ ብሎት መጣ። እዚያም ሰፈር ሽማግሌ አለ ማለት ነው። ምንም ያልነበረበትን ዕቃ በደህና ዋጋ ገዛው። «ኦርጅናል ነው?» ሲለን ሁላችንም በአንድ ድምፅ ማልንለት።