ባሕርይን በአንድ ከሰዓት ለሚያነቡ ሊቃውንት የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን በየመሥሪያ ቤቱ የሚዞረው የጭንቀት መጠይቅ እኛም ዘንድ ደርሶ፣ ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ተበትኖ በዚያው ከሰዓት ተሰበሰበ፤ ውጤቱም ብዙዎቻችን «በባሕርያቸው ተጨናቂ» መሆናችንን አበሰረ። የዕድሜ ልክ ጠባያችንን በአንዲት ወረቀት የገለጡልንን አጥኚዎች ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቻርልስ ስፒልበርገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት የጭንቀት መጠይቅ ምንኛ በከንቱ ደከሙ! 20 ጥያቄ ሰው በዚያች ቅጽበት ስለሚሰማው፣ ሌላ 20 ደግሞ በአብዛኛው ስለሚሰማው ብለው ለዩ። በ1988 ደግሞ ዋትሰን፣ ክላርክና ቴለገን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በራሳቸው መጠይቅ አንድ ዓይነት 20 የስሜት ቃላትን አንዴ «አሁን»፣ አንዴ «ዛሬ»፣ አንዴ «በአጠቃላይ» እያሉ መጠየቅ እንደሚቻል አሳዩ። የእኛዎቹ ሊቃውንት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ገላግለውናል፤ «አሁን» ብለው ይጠይቃሉ፣ «ሁልጊዜ» ብለው ይጽፋሉ።

የጥበባቸው ፍሬ እንዲታይ አንድ ሠራተኛ እናስብ። ኮምፒውተሩ የሦስት ሳምንት ሪፖርት ውጦበት፣ አለቃው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ሳለ «ተረጋግተሃል?» የሚል ጥያቄ ይደርሰዋል። «በፍጹም» ብሎ ይመልሳል፤ በማኅደሩም «እርጋታ ያልፈጠረበት» ተብሎ ይጻፋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሪፖርቱ ተገኝቶ ሰውዬው ሲስቅ ይውላል፤ ሳቁን ግን የሚጠይቅ ቅጽ የለም። ባሕርዩን እንዲያርም የአተነፋፈስ ሥልጠና ይላካል፤ ሥልጠናው የሪፖርቱን ቀን ስለሚሻማበት እዚያም ይጨነቃል፤ እዚያም ይለካል፤ ሁለቱ ውጤቶች አንድ ስለሆኑ የባሕርዩ ጽናት በሳይንስ ተረጋገጠ ይባላል። በአንጻሩ በዚያው ጠዋት ከረጅም ዕረፍት የተመለሰው ጎረቤቱ፣ ሌሊት ሌሊት ጣሪያ ቆጥሮ የሚያነጋው፣ «በተፈጥሮው የረጋ» የሚል ምስክርነት ተቀብሎ የእርሱን ሥራ ጭምር ይረከባል። ሁለቱ በሌላ ሳምንት ቢለኩ ማዕረጋቸውን በተለዋወጡ ነበር፤ ግን ደጋግሞ መለካት አድካሚ ነው።

ነገርን ሁሉ ጨለም አድርጎ የማየት ዘላቂ ዝንባሌ መኖሩንስ ማን ካደ? ዋትሰንና ክላርክ በ1984 በሰፊው ጽፈውበታል፤ ባሕርዩም ስሜቱም ተለይተው፣ በተለያዩ ቀናት መለካት ያለባቸው በዚሁ ምክንያት ነው። የሥራ ውጥረት ተመራማሪው ሮበርት ካራሴክ ደግሞ በ1979 ከፍተኛ የሥራ ጫና ከአነስተኛ የመወሰን ሥልጣን ጋር ሲገጥም ሠራተኛው እንደሚወጠር አመለከተ። የሁለት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው አሸክሞ፣ ሲንገዳገድ «አፈጣጠሩ ነው» ብሎ መጻፍ ጥናት አይደለም፤ ጫኙን ነፃ ለማውጣት የተጫነውን መክሰስ ነው፤ ማፈርም ይገባል።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ከሊቃውንቱ አንዱን ስለምን በሌላ ሳምንት ተመልሳችሁ አትለኩንም ብንላቸው ጠረጴዛ ደበደቡብን። ወዲያው ግን ራሳቸውን ሰብስበው፣ የጥናቱ ማስረከቢያ ቀን ስለ ደረሰ ለጊዜው መወጠራቸውን፣ እርሳቸው በተፈጥሯቸው እንዲህ ያሉ ሰው አለመሆናቸውን አስረዱን።