አይተህ ዝም አልክ

ዘንድሮ ማየት ዕዳ ሆኗል። በቀደም ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጬ የጀበና ቡና እጠብቃለሁ። አንድ ወዳጄ መጣ። ሰላም የለ፣ እንዴት ዋልክ የለ። «አቦ፣ አንተ ግን ሰው ነህ? የእህቴን ልጅ ሰርግ ዋትስአፕ ስታተስ ላይ ለጥፌ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አይተህ ዝም ትለኛለህ?» አለኝ።

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። የድሬን የሰኔ ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፍራሹ ራሱ ያልበዋል። ስልኬን ነካ ነካ ሳደርግ ሙሽሮች አለፉ፣ ኬክ አለፈ፣ አንድ የማላውቀው ሰውዬ እስክስታ እየወረደ አለፈ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለካ ፈርሜ ኖሯል።

ወዳጄ በዚህ አላበቃም። ያዩትን ሰዎች ዝርዝር ከፍቶ በአውራ ጣቱ ቁልቁል ይወርድ ጀመር። «ይቺ ወዲያው አይታለች፣ ትባረክ። ይሄ ሲመሽ ነው ያየው። ይሄ ደግሞ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ነው፤ አላየም። ኦንላይን ግን ነው!» ቡናው መጣ። ቀዘቀዘ። ልጅቷ ደፍታ ሌላ ቀዳችለት፤ አላያትም። አጎቱ በመንገዱ ማዶ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ብለውት አለፉ፤ እሳቸውንም አላየም። አላዩኝም እያለ የሚከሰው እሱ ነው እንግዲህ።

ዋትስአፕ ይህንን ስታተስ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ፎቶው በ24 ሰዓት ይጠፋል። ሐሳቡን ከስናፕቻት ነው የወሰዱት፤ መጥፋቱ ሰውን ዘና እንዲያደርግ ነበር አሉ። እኛን ግን ማን ዘና ያድርገን!

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት አባቴ ይወደው ነበር። እኔም ወረስኩት፤ በቦታውም ያለቦታውም እተርተዋለሁ፣ አንዴ ሽምግልና ሄጄ ሁሉ ተርቼዋለሁ። ስታተስ መጥቶ ይህንን የመሰለ ተረት አበላሸብኝ። ወረቀቱ በ24 ሰዓት ለቀቀ። ሞኙ ብቻውን ይዞ ቀረ። የሰርጉ ፎቶ ከጠፋ ሰነበተ፣ ወዳጄ ግን ማን ከማን ቀድሞ እንዳየ እስከ ዛሬ በቃሉ ይወጣዋል።

የስም ጥሪ ነገር ከተነሳ ደግሞ የእድራችንን ጸሐፊ ሳላነሳ አላልፍም። ለቅሶ ቤት ድንኳን እየተከልን ስም ተጠራ። እኔ ካስማ እየመታሁ ነው። «አቤት!» ብያለሁ፤ የሰማኝ የለም። «ቀሪ» ተብዬ ሃያ ብር ተቀጣሁ። ቀሪ ብሎ የጻፈብኝ ሰውዬ የት ተቀምጦ ነበር ብትሉኝ፣ እኔ የተከልኩት ድንኳን ጥላ ስር! ጉባኤ ላይ አቤት አልኩ። «መዝገቡ ላይ የለህም» ተባልኩ። ይሄው ነገር ነው ዛሬ ኪሳችን የገባው። የፎቶው ባለቤት ጸሐፊ ነው፣ እኛ አባላት ነን፣ አስተያየት ያልሰጠ ይቀጣል። ቅጣቱም ኩርፊያ ነው። ኩርፊያ ደግሞ ደረሰኝ የለው።

የሚገርመው ድሬ የቆመችው በመተያየት ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ታስቦ ተራራው አስቸገረና እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚሁ ግርጌው ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ አደገች። ባቡር ሲገባ ሰው ሊያይ ይወጣ ነበር። ማን መጣ፣ ምን ይዞ መጣ፣ ማን አልቅሶ ሸኘ፣ ሁሉም ሁሉንም ያያል። ሐሜቱ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ከባቡር ወርዶ «አይተህ ዝም አልክ» ያለ መንገደኛ አልሰማሁም። አሁን አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጭ ሄዶ ተቀምጧል። እንግዳ ለመቀበል በየት በኩል እንደሚኬድ፣ ለባጃጅ ስንት እንደሚባል… ተዉት፣ እሱ ሌላ ቀን የምናደድበት ነው።

ከሰርጉ የባሰ ሽሙጡ ነው። አንዱ ጥቁር መደብ ላይ «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ብሎ ይለጥፋል። የተናደደው በአንድ ሰው ነው። ያየው ግን ዘመድ አዝማዱ በሙሉ ነው። እህት «ለእኔ ነው» ትላለች። ከዓመት በፊት ብር የተበደረ የሥራ ባልደረባ ላብ ያጠምቀዋል። አክስት ደውለው «ምን አደረግንህ ልጄ?» ይላሉ። የለጠፈው ሰውዬ ቁጭ ብሎ ዝርዝሩን ያድሳል፤ ያችን አንዲት ስም ይጠብቃል። እሷ ደግሞ ስልኳ ካርድ ጨርሷል።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። የማያስቀው ሞት ሲሆን ነው። ድሮ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ ሰፈሩ ይሰማል፣ አለቀ። አሁን አንዳንዱ ሻማና ፎቶ ለጥፎ ይተኛል። እንደ ነገሩ ስልክ እንኳ የሌላቸው አሮጊት የስንት ዘመን ጎረቤታቸው መቀበሯን በሦስተኛው ቀን ገበያ ላይ ይሰማሉ። «ስታተስ ላይ አድርገን ነበር እኮ» ይባላሉ። እግዜር ያሳያችሁ! በር ማንኳኳት እንደዚህ ይከብዳል?

ለማንኛውም ለወዳጄ መፍትሔ ነገርኩት። ሴቲንግ ገብተህ ሁለቱ ራይቶች ሰማያዊ የሚሆኑበትን አጥፋው አልኩት። ያኔ አንተ የሰው ስታተስ ማየትህ አይታወቅም፣ የአንተንም ማን እንዳየ አይታይህም፤ ሁለታችንም እናርፋለን። ስልኩን ወደ ደረቱ ሰበሰበው።

«ማን እንዳየ ካላወቅኩ ታዲያ ለምን እለጥፋለሁ?» አለኝ።

ሐኪም ቤት ሳይሄድ በሽታውን በራሱ አፍ ተናገረ፤ ቡናውንም ሳይጠጣ ተነስቶ ሄደ፣ ሂሳቡም እኔ ላይ። አሁን ኩርፊያ ላይ ነን። ማየት ግዴታ ከሆነ፣ በደንብ ይጻፍና በእድሩ ጉባኤ ይጽደቅ፤ እጄን አወጣለሁ። ግን ከሁሉ በፊት ያቺ ሃያ ብሬ ትመለስልኝ።