ላም አለኝ በማይነር ሊግ

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የዋህ ነበርኩ። ሰው ቲኬት ቆርጦ ስታዲየም የሚገባው ቡድኑ ሲያሸንፍ ለማየት ይመስለኝ ነበር። ካሸነፈ ጨፍሮ፣ ከተሸነፈ ተራግሞ ወደ ቤቱ የሚሄድ። ከዚህ ድንቁርና ያወጡኝ ጋሼ ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው።

ጋሼ ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ሲሠሩ ብዙ ዓመታቸው ነው። ቤዝቦልን የተማሩትም እዚያው፣ ገንዘብ በሚቀበሉባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከሬዲዮ ነው። የከተማው ቡድን ናሽናልስ በ2005 ከሞንትሪያል ሲመጣ እሳቸው የማታ ፈረቃ ላይ ነበሩ፤ ያኔ የተከፈተው ሬዲዮ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። መጀመሪያ ላይ እንደ ማንኛውም ደጋፊ ነበሩ አሉ፤ ሆምራን (ከሜዳው አልፋ የምትወጣ ኳስ) ሲመታ የሰው መኪና ቁልፍ በእጃቸው እንደያዙ የሚዘሉ። አሁን ከዚያ አልፈዋል። አሁን ጋሼ የሚያዩት ጨዋታ ሳይሆን ዕቅድ ነው።

"ጋሼ፣ የትናንቱ እንዴት ነበር?" እላቸዋለሁ።

"ተሸነፍን፤ ግሩም ነው" ይሉኛል ስኳራቸውን እያማሰሉ። "ሪቢልድ ላይ አይደለን?"

ሪቢልድን ለማያውቅ ላስረዳ። ቡድኑ ያሉትን ምርጥ ተጫዋቾች ይሸጣል። በምትካቸው ጢም ያላበቀሉ ልጆች ይቀበላል። ከዚያ ይሸነፋል። ብዙ ስለተሸነፈም በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች ከሃይስኩልና ከኮሌጅ ልጆችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ቀን፣ ከፊት ይሰለፋል። የተመረጡት ልጆች ማይነር ሊግ፣ ማለትም የማሳደጊያው ሊግ፣ ገብተው ሦስት አራት ዓመት ይበስላሉ፤ ከዚያ ያሸንፋል። ካላሸነፈስ? ካላሸነፈማ ልጆቹ አድገው ውድ ሆነዋልና ይሸጣሉ፤ ቤቱም እንደገና ይታደሳል። አዲስ አበባ እንዲህ የሚሠራ ኮንትራክተር ቢገኝ ቀበሌ ይከሰስ ነበር። እዚህ ግን ጣሪያው የፈረሰበት ተከራይ ራሱ ቆሞ ያጨበጭባል።

የጋሼን አርቆ አሳቢነት በደንብ የተረዳሁት ኦገስት 2 ቀን 2022 ነው። የቡድኑ ኮከብ ሁዋን ሶቶ የተሸጠ ዕለት። ክለቡ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ16 ዓመቱ ያስፈረመው፣ በ2019 ዋንጫ ሲነሣ ገና 21 ዓመቱን የደፈነ ልጅ። የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል ቀርቦለት እምቢ አለ። (የሌርነር ቤተሰብ በ2006 ክለቡን ከነምናምኑ የገዛው በ450 ሚሊዮን ነበር፤ ይህን በቅንፍ የማስቀምጠው ጋሼ ስለማይወዱት ነው።) እናም በ23 ዓመቱ ለሳንዲያጎ ተሰጠ። እኔ ወሬውን መኪና ውስጥ ሰምቼ ዳር ይዤ ቆምኩ። ጋሼ ጋ ስደውል በደስታ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

"አምስት ልጅ አገኘን! አምስት! አንድ ጎልማሳም በምርቃት ጨምረውልናል!"

ያስደነቀኝ ቁጥሩ አይደለም፤ "አገኘን" የምትለዋ ናት። ጋሼ ስለ ክለቡ ሲያወሩ ሁልጊዜ "ሸጥን፣ ለወጥን፣ ቆጠብን" ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆመው ስለ ክለቡ የደመወዝ በጀት ሲጨነቁ ብታዩአቸው አንጀት ይበላሉ። ስለራሳቸው የሰዓት ክፍያ እንኳ እንደዚያ ሲሟገቱ ሰምቼ አላውቅም። በዲሴምበር 2024 ሶቶ ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር የ15 ዓመት የ765 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም በማለዳ ደወሉልኝ። "አየህ? 325 ሚሊዮን ዶላር አዳንን!" ብሩ የት እንደተቀመጠ ልጠይቃቸው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። የዚያን ቀን የቡናውን ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ሽሙጤን ለአፍታ ላቁምና እውነቱን ልናገር፤ ግብይቱ ራሱ መጥፎ አልነበረም። ከመጡት ልጆች ሲጄ ኤብራምስ በ2024፣ ማኬንዚ ጎርና ጄምስ ዉድ ደግሞ በ2025 ለኮከቦቹ ጨዋታ ተመርጠዋል። ዉድ እዚሁ ሜሪላንድ የተወለደ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሞላ ልጅ ነው፤ ኳሷን ሲመታት ድምፁ ከሌላው ሰው የተለየ ነው። ሦስት ኮከብ ከአንድ ሽያጭ። ቡድኑስ? ቡድኑማ በ2025 ከ162 ጨዋታ 96ቱን ተሸነፈ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ ዘጠና ስድስት ማለት ለእሳቸው የሚቀጥለው ዕጣ ነው።

ዕጣ ካልኩ ዘንድ የዲሴምበር 10 ቀን 2024ን ማታ ሳልናገር አላልፍም። ድሮ የመጨረሻው ቡድን በቀጥታ የመጀመሪያውን ምርጫ ይወስድ ነበር፤ ክለቦች ሆን ብለው መሸነፍ ሲያበዙ ሊጉ ሎተሪ አመጣ። ናሽናልስ የአንደኛነት ዕድሉ ከመቶ 10.2 ብቻ ነበር። ጋሼ ቤት ተሰብስበን ስናይ ወጣለት። ጋሼ ከሶፋው ተነሥተው እልልታውን አቀለጡት! ባለቤታቸው ከጓዳ ሮጠው መጡ፤ ያን ዓይነት እልልታ እዚያ ቤት የተሰማው ዲቪ የደረሳቸው ጊዜ ነበርና አገር ቤት የቀረው ዘመድ ሁሉ ዕጣ የወጣለት መስሏቸው። "ማን ደረሰው?" አሉ። "እኛ" አሉ ጋሼ። "ምን?" "ሾርትስቶፕ ሊሆን ይችላል፤ ወይ ፒቸር። ገና አልታወቀም።" ባለቤታቸው አንድም ቃል ሳይናገሩ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ልብ በሉ፤ እኚህ ሰው ቡድናቸው ሲያሸንፍ እንዲህ ብለው አያውቁም። ሲያሸንፍማ ፊታቸው ይጠቁራል። "አሁን ይሄን ምን ያሸንፉታል? ዕጣችንን ሊያበላሹ!" ቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 ሲዝን 121 ጊዜ ተሸንፎ፣ በዘመናዊው ቤዝቦል ያልታየ ሽንፈት አስመዝግቦ፣ በሊጉ ደንብ ምክንያት ከሎተሪው ወጥቶ አሥረኛ መምረጡን ሲሰሙ ያዘኑትን ሐዘን ለሰው አልመኝም። "121 ጊዜ ሙሉ! ልፋታቸው ሁሉ ውኃ በላው!"

ወደ ትሬድ፣ ማለትም ተጫዋች በተጫዋች ወደ መለወጡ፣ ስንመጣ ጋሼ ልዋጭ ናቸው። ልጅ ሳለን በየሠፈሩ "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያለ የሚዞረው ነጋዴ አሮጌ ጫማና ሱሪ ወስዶ ሳህን ይሰጥ ነበር። ልዩነቱ፣ የጋሼ ልዋጭ የተቀደደ ጫማ ሰጥቶ ፍሪጅ ነው የሚጠይቀው። ክንዱ የታመመ አንድ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ)፣ ሁለት ዓመት መምታት የረሳ አንድ ተጫዋች፣ በላዩ የሚቀጥለውን ዓመት የድራፍት ምርጫ ጣል ያደርጉና የሎስ አንጀለስን ኮከብ ያመጣሉ። ይህን የሚሠሩት ናፕኪን ላይ ነው፤ አንዱ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ። በቤዝቦል ደንብ ከጥቂት የተለዩ ምርጫዎች በቀር የድራፍት ተራ እንደማይሸጥ ነገርኳቸው። ጋሼ ናፕኪኑን አጣጥፈው፣ "ሕግ ይሻሻላል" አሉኝ።

ድራፍትንማ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ በተለይ ካለፈ በኋላ። በ2009 ናሽናልስ አንደኛ ተራ ላይ ስቲቨን ስትራስበርግን፣ አሥረኛ ላይ ድሩ ስቶረንን መረጠ። ማይክ ትራውት የሚባል፣ በኋላ የሊጉ ታላቅ ኮከብ የሆነ የኒው ጀርሲ ልጅ እስከ 25ኛ ድረስ ሁሉም እያለፈው ቆየ። የወሰደው ኤንጀልስ እንኳ 24ኛውን ተራ ለሌላ ልጅ ሰጥቶ ነው ወደሱ የዞረው! ደመወዝ የሚከፈላቸው መልማዮች፣ ሰዓትና ራዳር ይዘው አገር የሚዞሩ ሰዎች፣ ያላወቁትን ጋሼ አውቀው ነበር። "እኔ ያኔም ታይቶኝ ነበር" ይላሉ። በ2009 እዚያው ፓርኪንግ አብሬአቸው እሠራ ነበር። የታያቸው ነገር ካለ አልነገሩኝም።

ለጋሼ ምሳሌያቸው ሂውስተን ነው። ከ2011 እስከ 2013 በተከታታይ 106፣ 107፣ 111 ጊዜ ተሸንፎ በ2017 ዋንጫ ያነሣው ሂውስተን። ቁጥሮቹን እንደ ዳዊት ይደግሟቸዋል። ከሽንፈቱ ፍሬዎች አንዱ፣ በ2013 ከአገር ምድሩ አንደኛ የተመረጠው ማርክ አፔል፣ ለሂውስተን በዋናው ሊግ አንድ ኳስ እንኳ ሳይወረውር በ2022 ለፊላደልፊያ መታየቱን ግን ዳዊታቸው ውስጥ አላገኘሁትም።

አንድ ቀን ደፍሬ፣ "ጋሼ፣ ይህን ሂውስተንን በ2019 የዋንጫ ፍልሚያ ማን አሸነፈው?" አልኳቸው።

ዝም አሉ። ያሸነፈው የእኛው ናሽናልስ ነዋ! የዚያን ዓመት ሜይ 23 ቀን ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ጋሼና ግማሹ ከተማ "ይሸጥ!" እያሉ ነበር፤ ሸርዘርም ይሸጥ፣ ሬንዶንም ይሸጥ፣ ሁሉም ይሸጥ። ክለቡ አልሰማቸውም። በሊጉ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ ቡድን ነበር፤ ራሳቸውን በስፓኒሽ "ሽማግሌዎቹ" ይሉ ነበር። ኦክቶበር 30 ቀን ሂውስተን ውስጥ፣ በሰባተኛውና በመጨረሻው የዋንጫ ጨዋታ፣ በሰባተኛው ኢኒንግ (ከዘጠኙ ዙር በሰባተኛው)፣ ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ የቀኙን ምሰሶ ገጨች፤ ሆምራን! ኬንድሪክ ያኔ 36 ዓመቱ ነበር፤ በድራፍት በአሥረኛው ዙር የተመረጠ፣ በዚያ ዕድሜው በማንም የተስፋ ዝርዝር ውስጥ የማይገባ ሰው። ያንን የምሰሶውን ድምፅ በጋሼ ሬዲዮ ነው የሰማሁት። ጋሼ ሲዘሉ የአንድ ሰውዬ ቁልፍ ከእጃቸው አምልጦ ፓርኪንግ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ፈለግን።

"ያ አደጋ ነው" አሉኝ በመጨረሻ። "ፕሮሰሱን ተከትሎ የመጣ አይደለም።"

አነጋገራቸው ዋንጫው ያለ ወረቀት ድንበር ተሻግሮ የገባ ያስመስለዋል።

በጁላይ 2025 ደግሞ ነገሩ ረቀቀ። ከ2009 ጀምሮ ክለቡን የመራው ማይክ ሪዞና ዋንጫውን ያመጣው አሠልጣኝ ዴቭ ማርቲኔዝ ጁላይ 6 ቀን ተባረሩ። በሳምንቱ በዚያ በእልልታው ዕጣ ኢላይ ዊሊትስ የሚባል የኦክላሆማ ልጅ ተመረጠ። ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። ማለትም ሪቢልዱን የሚሠራው ሰው ራሱ ሪቢልድ ተደረገ። እኔ ይህ አራት ዓመት የተጣለ እቁብ ዳኛው ሲቀየር ከአንድ እንደገና መቆጠሩ ነው ብዬ ላማ ነበር። ጋሼ ግን የሒሳብ ሰው ናቸው፤ "ልጁ በ21 ዓመቱ ሲጫወት 2029 ላይ ነን" አሉ፤ በጣታቸው ቆጥረው። ከዚያ በፊት የሚደረገው ጨዋታ ሁሉ ለእሳቸው መጠባበቂያ ክፍል ውስጥ የተከፈተ ቴሌቪዥን ነው።

የጋሼ ቁም ሣጥን ውስጥ በየተራ የተሰቀሉ ማሊያዎች አሉ። 34 ቁጥር ሃርፐር፤ ፊላደልፊያ ሄደ። 31 ሸርዘርና 7 ተርነር፤ በ2021 አንድ ላይ ለሎስ አንጀለስ ተሸጡ። 22 ሶቶ። ሁሉም ታጥበው ተተኩሰው የተቀመጡ ናቸው። ለዚህም ነው ለልጄ ለዘጠነኛ ዓመት ልደቱ ማሊያ ሲገዙለት ጀርባው ላይ ስም ያላስጻፉበት። "ስም ይሸጣል" አሉ። መጠኑንም ልክ እንደ ድሮ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ማደጊያ ያለው አድርገው ነው የገዙት፤ እጅጌው ከመዳፉ ያልፋል፣ ታቹ ጉልበቱን ይሸፍናል። "ሪቢልዱ ሲያልቅ ልኩ ይሆናል።"

በ2025 ሰመር ማብቂያ ላይ ያንኑ አልብሰነው ስታዲየም ወሰድነው። ልጄ ሆትዶጉን ለመያዝ እጅጌውን አራቴ ጠቅልሏል። ሜዳው ላይ ቡድናችን በስድስት ነጥብ እየተመራ ነው፤ ከጎናችን ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ጋሼ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ፍሬደሪክስበርግ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚደረገውን የማይነር ሊግ ጨዋታ ያያሉ፤ የ17 ዓመቱ ልጅ እዚያ ነው።

"ጋሼ፣ ማን እየመራ ነው?" አላቸው ልጄ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን የነጥብ ሰሌዳ እያየ።

"እኛ" አሉት፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ።